ትልቅ ጨዋታ ላይ የሚፈርሱ የኮሌጅ ቡድኖች ችግራቸው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ናችሁ? የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል የምትከታተሉ እስቲ አስረዱኝ። ዓመቱን ሙሉ ሲያሸንፍ ከርሞ ወሳኙ ጨዋታ ላይ እጅ የሚሰጥ ቡድን ምን ሆኖ ነው? ኦክላሆማ እ.ኤ.አ. በ2015፣ 2017፣ 2018 እና 2019 የውድድር ዘመን የፕሌይኦፍ (የዋንጫው ጥሎ ማለፍ) ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ አራቱንም ተሸነፈ። በኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) 63 ለ 28 የተሸነፈበትንማ ማየት ራሱ ያማል።

መልስ 1፦
የኦክላሆማ እኮ ግልጽ ነው። ማጥቃቱ አንደኛ፣ መከላከሉ ግን ወንፊት። ጆርጂያን 31 ለ 14 እየመራ ቆይቶ በሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት 54 ለ 48 ተረታ። 48 ነጥብ አስቆጥረህ ከተሸነፍክ ሌላ ምን ይባላል?

መልስ 2፦
እኔ የተጠባባቂ ጥራት ነው የምለው። እ.ኤ.አ. ጥር 2018 በዋንጫው ፍጻሜ አላባማ በጆርጂያ 13 ለ 0 እየተመራ እረፍት ወጣ። አሰልጣኙ ኒክ ሴባን ቋሚውን ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራና ኳስ የሚወረውር ተጫዋች) ጄለን ኸርትስን አስቀምጦ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪውን ቱዋ ታጎቫይሎአን አስገባ። በተጨማሪ ሰዓት ልጁ 16 ያርድ ወደ ኋላ ተገፍቶ ተጣለ፤ ሁሉም አለቀ ሲል በቀጣዩ ሙከራ ለዴቮንታ ስሚዝ 41 ያርድ ወርውሮ ተችዳውን (የጎል ክልል የሚገባ ነጥብ)! 26 ለ 23። እንዲህ ያለ ልጅ ወንበር ላይ ያለው ስንቱ ቡድን ነው?

መልስ 3፦
ልክ ነህ፣ ግን በአንድ ምሽት ውጤት ቡድንን «አይችልም» ማለት ይከብደኛል። ጆርጂያ ከ1980 ወዲህ ዋንጫ አላየም ነበር። በ2021 የውድድር ዘመን በኮንፈረንሱ (ሁለቱም ባሉበት የቡድኖች ምድብ) ፍጻሜ በአላባማ 41 ለ 24 ሲሸነፍ ያው የተለመደው ወሬ ተነሳ። ከወር በኋላ ያንኑ አላባማን 33 ለ 18 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዓመቱም ደገመው።