«ክራውን»ን በአማርኛ ምን ልበለው?

አራት ኪሎ አካባቢ ሰነድ እተረጉማለሁ። አሁን የያዝኩት የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የወንጀል ውሳኔ ነው። በ3 ገጽ ውስጥ «ክራውን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል (በቁሙ «ዘውድ» ማለት ነው) 11 ጊዜ ገብቷል።

መጀመሪያ «ዘውዱ ከሰሰ» ብዬ ጻፍኩ። ደንበኛዬ «ዘውድ ሰው ይከሳል እንዴ?» ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው። እኛ ጋ ዘውድ ራስ ላይ ይደፋል፤ ሳንቲም ሲወረወርም ዘውድ ወይ ጎፈር ይባላል። እዚያ ግን ክሱ የሚቀርበው በንጉሡ ስም ስለሆነ ከሳሹን መንግሥት ራሱን «ክራውን» ይሉታል። ጥርስ ላይ የሚለበሰውም «ክራውን» ነው፤ እሱ እንኳን አላስቸገረኝም።

ቀጥሎ ሁሉንም «ዐቃቤ ሕግ» ብዬ ለወጥኩት። ደህና ሄደልኝ ስል ገጽ 3 ላይ «የክራውን ንብረት» የሚል መጣ። ንብረቱ የዐቃቤ ሕግ አይደለም!

ለከሳሹም ለንብረቱ ባለቤትም የሚሆን አንድ የአማርኛ ቃል የቱ ነው?