ወንድሜ ሰርጌ ላይ በፓራሹት ልውረድ ይላል፤ ያን ቀን ሰማዩ ቢዘጋስ?

የሸዋ በሯ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሳትስቁ አንብቡልኝ። ጥር ላይ ሰርጌ ነው። እኛ ደሴ ነን፣ የእጮኛዬ ቤተሰቦች ኮምቦልቻ፤ ዋናው ድግስ እነሱ ጋ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከአሜሪካ ይመጣል። ይሄ ልጅ እዚያ ሄዶ አንድ አመል አምጥቷል፤ ቅዳሜና እሁድ በደረሰ ቁጥር ከአውሮፕላን ይዘላል። ፈቃድ አለው፣ የራሱ ፓራሹት አለው። ባለፈው ሳምንት ደውሎ "ስጦታዬን ልንገርሽ፤ እናንተ ሜዳው ላይ ፎቶ ስትነሱ እኔ ከሰማይ ዱብ እላለሁ" አለኝ። ስልኩ ላውድ ላይ ነበር። እማዬ ሰማች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም።

እሱ ደግሞ የምሩን ነው። አዲስ አበባ ትንሽ አውሮፕላን ከሚያከራዩ ሰዎች ጋር በሰው በሰው እየተነጋገረ ነው፤ ቀብድ ይፈልጋሉ። ቀብዱ ከእኔ የቬሎ ኪራይ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የጨነቀኝ እሱ ነው። መጀመሪያ ነገር እኛ አገር ይፈቀዳል ወይ? ማን ነው የሚጠየቀው? ሁለተኛ፣ ራሱ እንደነገረኝ በፈረንጅ 2001 ከሽብር ጥቃቱ በኋላ የአሜሪካ ሰማይ በሙሉ ለበረራ ሲዘጋ የክለቡ የድሮ ሰዎች ፓራሹታቸውን ታቅፈው መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል። እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ቢመጣ የትልቁ አውሮፕላን መንገደኛ ትኬቱ ይቀየርለታል። ወንድሜስ? ቀብዱስ? የምታውቁ ንገሩኝ፤ ለእማዬ ቁጭ ብዬ የማነብላት መልስ ይሁን።

ቦርከና

ዱብ ዕዳ ማለት ይሄ ነው! እኔ የማዝነው ለድንኳኑ ነው። ለማንኛውም እንኳን ደስ ያለሽ፤ ወንበር ስትደረድሩ መሀሉን ክፍት ተዉት።

ከሆጤ እስከ አትላንታ

እኔ ያኔ እዚያ ነበርኩ፤ የግል አውሮፕላን ማብረር እየተማርኩ። የሆጤ ልጅ ነኝ፣ ደሴ ስሙን ስሰማ ዝም ማለት አልችልም።

ቀኑን የማልረሳው በዓል ስለነበረ ነው። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ለእኛ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው፤ እንቁጣጣሽ። እናቴ ጋ ደውዬ እንኳን አደረሰሽ ብዬ ወደ አውሮፕላን ሜዳው ሄድኩ፣ የዚያን ቀን ትምህርት ነበረኝ። ጠዋት 3፡45 ላይ፣ ደሴ ከቀኑ 10፡45 መሆኑ ነው፣ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር አየር ላይ ያለ ሲቪል አውሮፕላን ሁሉ ቅርብ ያገኘው ቦታ እንዲያርፍ አዘዘ። ከ4,000 በላይ አውሮፕላን አየር ላይ ነበር። ትዕዛዙን የሰጠው ቤን ስላይኒ የሚባል ኃላፊ ለዚያ ወንበር የመጀመሪያ የሥራ ቀኑ ነበር፤ አስቢው። ከባሕር ማዶ ይመጡ የነበሩት ወደ ካናዳ ዞሩ። ጋንደር የምትባል ትንሽ ከተማ ብቻ 38 ትልልቅ አውሮፕላን ተቀበለች።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሰማይ መዘጋቱ ለሁሉም እኩል ነው፣ አከፋፈቱ ግን እኩል አይደለም። አየር መንገዶቹ መስከረም 3 ቀን ቀስ እያሉ ጀመሩ። ከዚያ በበረራ መለኪያ መሣሪያዎች እየተመሩ የሚበሩ የግል አውሮፕላኖች ተፈቀደላቸው፤ እነሱ ዕቅድ አስገብተው፣ ከመነሻ እስከ ማረፊያ ከተቆጣጣሪ ጋር እያወሩ ስለሚሄዱ የት እንዳሉ ይታወቃል። እኛ አየሩ ጥሩ ሲሆን ዓይናችንን አምነን የምንበረው ደግሞ ቆየን፤ ሲፈቀድልንም መጀመሪያ ከትልልቅ ከተሞች ርቀን ነው። የዘላዮች አውሮፕላን እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው፦ በዓይን ይነሳል፣ አንድ ቦታ ላይ እየዞረ ይወጣል፣ ሰው ያራግፋል፣ ይወርዳል። ለደህንነት ሰው ይሄ በጣም ደስ የሚል ነገር አይደለም። የእርሻ መድኃኒት የሚረጩት እንኳ ከተፈቀደላቸው በኋላ እንደገና ታገዱ። ዋሽንግተን አጠገብ ያሉ ሦስት ትንንሽ ሜዳዎች ለወራት ተዘግተው ቆዩ።

ስለዚህ ወንድምሽ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው ያለው። አየር መንገዱ "ጀምረናል" ያለ ቀን እሱም የሚጀምር እንዳይመስለው።

የሸዋ በሯ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እማዬ "ከተቆጣጣሪ ጋር እያወሩ" የሚለውን ወዳዋለች። ወንድሜ ግን "እኔም ሬዲዮ ይዤ እያወራሁ እዘላለሁ" ይላል።

ኖታም

ሬዲዮው የአብራሪው ነው እንጂ የዘላዩ አይደለም በይው።

በዚህ ሥራ አካባቢ ቆይቻለሁ፤ አጭሩን ልንገርሽ። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ከተማ አስተዳደር ሄዶ ደብዳቤ አጽፎ መምጣት ብቻውን ምንም አይፈይድም። በተለይ ኮምቦልቻ መደበኛ የመንገደኛ በረራ ያለው ኤርፖርት ስላለ ከአጠገቡ ሰው ከሰማይ ይወርዳል ሲባል ተቆጣጣሪው ሰዓቱን፣ ከፍታውን፣ ቦታውን ቀድሞ ማወቅ አለበት። ያ ሲጸድቅ ኖታም ይወጣል። ኖታም ለአብራሪዎች የሚበተን ማስታወቂያ ነው፤ "እዚህ ቦታ፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ይሄ ነገር አለ" የሚል። ሰማይ ሲዘጋም የሚነገረው በዚሁ ነው። በጥቅምት 2013 መጨረሻ የሰሜኑ ሰማይ የተዘጋውም እንዲሁ ነው። ማንም ሁለት ሳምንት ቀድሞ አልነገረንም። ከፍጥነቱ የተነሳ ሻይ እየጠጣሽ ነው የሚመጣው። ከጸጥታ አካላት በኩል ደግሞ ሌላ ይሁንታ አለ፣ እሱ ይበልጥ ይከብዳል፤ የአካባቢውን ሁኔታ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ቀብዱን በተመለከተ፦ ሳይጻፍ አንድ ብር እንዳይከፍል። ውሉ ላይ ሦስት ነገር ለየብቻ ይስፈር። ፈቃድ ባይሰጥ ምን ይሆናል፣ ፈቃድ ተሰጥቶ ሰማዩ ቢዘጋ ምን ይሆናል፣ ሰማዩ ክፍት ሆኖ ደመና ቢመጣ ምን ይሆናል። "ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት" የምትል አንዲት መስመር ጽፈው ሊያልፉ ይችላሉ፤ እሷ መስመር ግን ብዙ ጊዜ የምታድነው አከራዩን ነው። አውሮፕላኑን ያለማቅረብ ጥፋት እንዳይሆንበት ታደርጋለች እንጂ ገንዘቡ ይመለሳል አትልም። "ይመለሳል" የሚለው ቃል፣ ከስንት ቀን በኋላ እንደሆነም ጭምር፣ ተጽፎ ካላየሽ እንደሌለ ቁጠሪው።

ፎቶ ቤት ፒያሳ

እኔ ሌላ ነገር ልጨምር። ወንድምሽ "ድሮንም ይዤ መጥቼ ከላይ እቀርጻለሁ" ካለ አሁኑኑ አስቁሚው። ለድሮን የኢንሳ (የመረጃ መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ ከመጣ ጉምሩክ ላይ ነው የሚቀረው። አንድ ደንበኛዬ ከውጭ ሲያመጣ ተወስዶበት ሰርጉን በእኔ ካሜራ መሬት ለመሬት ቀርጬ አስረክቤዋለሁ። ያምራል ደግሞ።

ፈቃዱ ቢኖር እንኳን ሌላው ነገር ሰው ነው። እኛ አገር አሁን ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰማ ሰው ቀና ብሎ አይስቅም። የኔ ትንሽ ልጅ የአየር መንገዱ አውሮፕላን ሲያልፍ አልጋ ስር ይገባል። ድግስ ቤት ውስጥ ስንት አይነት ሰው አለ፣ ስንት ያየ አለ።

የሸዋ በሯ

ይሄንን አላሰብኩትም ነበር። የእጮኛዬ አያትም እንደዛ ናቸው። ወላሂ አሁን ነው የገባኝ።

ጡረተኛው

ልጄ፣ እኔ አየር ወለድ ነበርኩ። ስለዚህ የመዝለሉን ነገር ለእኔ ተዪልኝ።

የእኛ ዝላይ ሌላ ነበር። ገመዱ አውሮፕላኑ ላይ ይታሰራል፣ ስትወጪ ራሱ ይከፍትልሻል፣ ክብ ጃንጥላ ነው፣ ወደ ወሰደሽ ትሄጃለሽ። ወንድምሽ የያዘው አራት ማዕዘኑ ነው፤ እንደ ክንፍ ይነዳል፣ ግራ ቀኝ ይታጠፋል፣ ወደፊት ይሄዳል። ግን ነፋስ ነፋስ ነው። ኮምቦልቻ ተራራ የከበባት ቦታ ናት። ጠዋት ጸጥ ያለ አየር ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ተራራውን ሲያሞቀው ይለወጣል። ሰርግ ደግሞ የሚደምቀው መቼ ነው? ከሰዓት በኋላ። በዚያ ላይ የመብራት ሽቦ አለ፣ የግቢ አጥር አለ፣ የቆመ መኪና አለ። ጀግና መሆኑን አልጠራጠርም። ለጀግንነቱ ግን የሙሽራ ግቢ አይሆንም።

ከሆጤ እስከ አትላንታ

ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ በቁጥር ላስቀምጠው፤ ምክንያቱም ወንድምሽ ቁጥር የሚሰማ ዓይነት ሰው ይመስላል።

ፈቃዱ የስንተኛ ደረጃ እንደሆነ ጠይቂው። የአሜሪካ የዘላዮች ማኅበር ደንብ የመጀመሪያው ደረጃ፣ ኤ የሚባለው፣ ያለውን ሰው ከማንኛውም መሰናክል 100 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ እንዲያርፍ ያዛል። 100 ሜትር በየአቅጣጫው! የትኛው የሰርግ ግቢ ነው እሱ ያለው? የመጨረሻው ደረጃ፣ ዲ፣ ከሆነ 12 ሜትር ይበቃዋል።

ከፍታው ደግሞ አለ። እሱ የለመደው ምናልባት ከባሕር ወለል ብዙ ከፍ ያላለ ሜዳ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ፓራሹት፣ ያው ሰው፣ 10 በመቶ ያህል ፈጥኖ ነው መሬት የሚነካው። ሞቃት ቀን ከሆነ ይብሳል። ደሴ ላይ ልሞክር ካለማ ጭራሽ። እዚያ የለመደው 4,000 ሜትር ከመሬት በላይ ከሆነ፣ ኮምቦልቻ ላይ ያው ቁመት ከባሕር ወለል 5,850 ሜትር ይሆናል፤ በአሜሪካ ደንብ ከ15,000 ጫማ በላይ አውሮፕላን ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ኦክስጅን መቅረብ አለበት። ያለ ኦክስጅን ልሂድ ካለ ከኮምቦልቻ በላይ የሚቀርለት 2,700 ሜትር ብቻ ነው፤ 30 ሰከንድ ያህል ወድቆ ይከፍታል። አንድ ነገር ደግሞ እንዳይረሳ፦ የእጁ የከፍታ መለኪያ በተነሳበት ሜዳ ዜሮ ይደረጋል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ኮምቦልቻ ላይ ከዘለለ ሁለቱ ሜዳዎች ወደ 500 ሜትር ይለያያሉ። ካላስተካከለው መለኪያው ይዋሸዋል።

ሰማይ ተዘግቶ ሲከፈት ዘላዮች ላይ የደረሰው ሌላ ችግር ደግሞ ይሄ ነበር፤ ሰው ናፍቆት ወዲያው ሮጦ ይወጣል። መጠባበቂያው ፓራሹት ጊዜው አልፎበታል። ያኔ በ120 ቀን ነበር ባለሙያ ፈቶ የሚያጥፈው፣ አሁን 180 ነው። ኤ ፈቃድ ያለው ደግሞ 60 ቀን ሳይዘል ከቆየ መጀመሪያ ከአሰልጣኝ ጋር ማደስ አለበት፤ ቢ ያለው 90 ቀን፣ ሲና ዲ ያላቸው 6 ወር። የአሜሪካን ብርድ ሳይዘል ቆይቶ ጥር ላይ እዚህ መጥቶ "አንዴ ብቻ" ካለ፣ ያ አንዴው ነው የሚያስፈራኝ።

የፓራሹቱን ሻንጣ ይዞ ብቻ ከመጣ ግን፣ ለማሳየትም ቢሆን፣ መጠባበቂያውን በራሱ የሚከፍተው ትንሽ መሣሪያ ውስጥ ባሩድ ነገር አለ። ኤክስሬይ ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ለፍተሻ ሠራተኛ የሚታይ ካርድ አብሮት አለ፤ እሱን ከላይ ያድርገው።

እማማ ቧንቧ ውሃ

የኔ ልጅ፣ ልጄ ናት ያነበበችልኝ። ለእናትሽ አብሽሪ በያት። እኔም ልጄ ሞተር ሲገዛ እንደዚሁ ሆኛለሁ። ወንድም የሚወደው ነገር ላይ እንቢ ሲባል ያኮርፋል፤ ሌላ ሥራ ስጪው። ከሰማይ ልውረድ ያለ ሰው መታየት ፈልጎ ነው። የሚታይበት ፈልጊለት። በእኛ ጊዜ ወሎ ላይ ሙሽራ የሚታጀበው በፈረስ ነበር፤ ከፈረስ በላይ የሚታይ የለም።

ኖታም

አንድ የረሳሁት። ሰማይ የተዘጋ እንደሆነ ዝላዩን ብቻ አይደለም የምታጡት፣ ወንድምሽንም ነው። ስለዚህ ሰርጉ ዋዜማ ቦሌ የሚያርፍ ትኬት አይቁረጥ። ቢያንስ ሳምንት ቀደም ይበል። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ያለው በረራ ቢሰረዝ መንገዱ ክፍት ከሆነ በመኪና ይደርሳል፤ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በከሚሴ፣ አንድ ሙሉ ቀን ያዥለት።

የሸዋ በሯ

ትናንት ማታ ሁሉንም አነበብኩለት። እማዬ አጠገቤ ነበረች፣ ላውድ ላይ። የመለኪያው ነገርና የ60 ቀኑ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ፈቃዱ ኤ ነው። ለካ ከነሐሴ ወዲህ አልዘለለም። የእጮኛዬን አያት ነገር ስነግረው ደግሞ "እሱን ማሰብ ነበረብኝ" አለ፤ ድምፁ ራሱ ተለወጠ። ቀብዱን አልከፈለም፣ አልሐምዱሊላህ። ትኬቱን ሰርጉ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ለማረፍ ቆርጧል።

ፈረሱን ግን ወዶታል። ችግሩ በሕይወቱ ፈረስ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ኮምቦልቻ አካባቢ ረጋ ያለ፣ ጭብጨባና እልልታ የማይደነግጥ ፈረስ የሚያከራይ የምታውቁ አላችሁ? ቀብድም ካለው ንገሩኝ።