ሰማያዊ ክንፍ ቱና አገግሟል ከተባለ አሁንም የሚያሰጋው የትኛው ነው?

ጠያቂ (ሐይቅ ዳር)፦
የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 የአትላንቲክ ሰማያዊ ክንፍ ቱናን የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዝርያዎች አውጥቶ ብዙም ከማያሰጉት ጋር መድቦታል። ይሁን እንጂ ቱና ከልክ በላይ እየተጠመደ ነው የሚሉ ጽሑፎች አሁንም ይወጣሉ። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? ብዙ ሰው በጾም የሚገዛው የታሸገ ቱናስ ይመለከተዋል? (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን።)

መልስ (ማዕበል)፦
የቱና ዝርያዎች ብዙ ስለሆኑ የአንዱ ማገገም ስለ ሌላው ዋስትና አይሰጥም። በ2007 በምሥራቅ አትላንቲክና በሜዲትራኒያን እንዲጠመድ የተፈቀደው 29,500 ቶን ሆኖ ሳለ፣ የአትላንቲክ ቱና ኮሚሽን ሳይንቲስቶች በእርግጥ የተያዘውን ወደ 61,000 ቶን ገምተውታል፤ ሕግ ነበረ፣ የሚያከብረው ግን አልነበረም። በ2010 ሞናኮ ዓለም አቀፍ ንግዱ እንዲታገድ ዶሃ ላይ ያቀረበችው ሐሳብ ውድቅ ቢደረግም፣ በእኔ እምነት ኮሚሽኑን ያነቃው ያ ስጋት ነው። ለ2011 ኮታው ወደ 12,900 ቶን ወረደ፤ የተያዘው ዓሣም ከመርከብ እስከ ገበያ ሰነድ ይዞ እንዲጓዝ የወጣው ደንብ ጠበቅ ተደረገ። በ2020 ኮታውን እስከ 36,000 ቶን ማሳደግ የተቻለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

መልስ (ወደብ)፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚራባው የምዕራቡ ክፍል ከ1970ዎቹ ወዲህ ከግማሽ በላይ መቀነሱ ሊዘነጋ አይገባም። ወደ ታሸገው ስንመጣ፣ በጣሳ የሚገባው በአብዛኛው ስኪፕጃክ የተባለው፣ አነስ ያለውና ቶሎ የሚራባው ዝርያ ሲሆን ችግሩ ያለው አጠማመዱ ላይ ነው። ትልልቅ መርከቦች ዓሣ የሚስብ ተንሳፋፊ ነገር ባሕር ላይ ይለቁና ከሥሩ የተሰበሰበውን ሁሉ በመረብ ከብበው ሲያወጡ፣ ገና ያልወለዱ የቢጫ ክንፍ ቱና ግልገሎችም አብረው ይወጣሉ። በሕንድ ውቅያኖስ ቢጫ ክንፉ በ2015 ከልክ በላይ የተጠመደ ተብሎ ነበር። የአካባቢው ቱና ኮሚሽን በ2023 ሞምባሳ ላይ እነዚህ ተንሳፋፊዎች በዓመት ለ72 ቀናት እንዳይሠራባቸው ቢወስንም፣ የአውሮፓ ኅብረትን ጨምሮ ተቃውሞ ያስገቡ አባላት በመብዛታቸው ውሳኔው ሳይጸና ቀረ። አባላት ያልወደዱትን ውሳኔ በተቃውሞ ደብዳቤ መሻር መቻላቸው ከቁጥሮቹ ሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል።

ጠያቂ (ሐይቅ ዳር)፦
አመሰግናለሁ። ታዲያ ገዢ ጣሳው ላይ ምን ይመልከት?

መልስ (ወደብ)፦
የዝርያውን ስምና የአጠማመዱን ዓይነት ይመልከቱ። የማልዲቭስ ዓሣ አጥማጆች ስኪፕጃክን በዘንግ አንድ በአንድ ስለሚያወጡት ግልገል የቢጫ ክንፍ እንደ ከበባ መረቡ በብዛት አይጠፋም። «ቱና» ከሚለው ቃል በቀር ምንም ያልተጻፈበትን እኔ አልገዛም።