ከርቲስ ሜይፊልድ፦ ከመዝሙር ወደ «ሱፐር ፍላይ» እንዴት ደረሰ?

የሸክላ ወዳጅ፦
ሰሞኑን የቺካጎውን የሶል ሙዚቃ (የጥቁር አሜሪካውያን የዘፈን ስልት) ደራሲ የከርቲስ ሜይፊልድን ሥራዎች በተከታታይ እያዳመጥሁ ሳለ ግራ ያጋባኝ ነገር አለ። በ1965 ከዘ ኢምፕሬሽንስ ቡድን ጋር የተጫወተው «ፒፕል ጌት ሬዲ» ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር ብዙም አይለይም፤ በ1972 ለ«ሱፐር ፍላይ» ፊልም የጻፋቸው ዘፈኖች ግን ስለ ኮኬይን ነጋዴዎችና ስለ ሱሰኞች የሚናገሩ ናቸው። በሰባት ዓመት ውስጥ ሰውየው ተለውጦ ነው ወይስ እኔ ያላስተዋልሁት ማያያዣ ክር አለ? (ዓመታቱን የጻፍሁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ምዕራፍ፦
ሁለቱንም የጻፈው ያው የሰባኪዋ የልጅ ልጅ ነው። ሴት አያቱ ሰባኪ ስለነበሩ ሜይፊልድ ከዘፈን በፊት የለመደው መዝሙርን ነው። «ፒፕል ጌት ሬዲ» ውስጥ ያለው ቲኬት የማይጠየቅበት ባቡር ከጥቁር አሜሪካውያን መዝሙሮች የመጣ የመዳን ምልክት ሲሆን፣ ለቺካጎ አድማጮቹ ደግሞ ወላጆቻቸውን ከደቡብ ግዛቶች ያመጣቸው እውነተኛ ባቡር ነበር፤ ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ አይሆንም። በ1964 የወጣው «ኪፕ ኦን ፑሺንግ» በሲቪል መብት ታጋዮች ዘንድ እንደ ትግል መዝሙር ተቆጥሯል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን «ዊ አር ኤ ዊነር» በግልጽ ስለ ጥቁር ሕዝብ ኩራት በመናገሩ አንዳንድ የሬዲዮ ጣቢያዎች አላስተላልፍም ብለውት ነበር።

ባለ ክራር፦
ከግጥሙ ይልቅ ጊታሩ የበለጠ ይገርመኛል። ሜይፊልድ ጊታርን ያለ መምህር የተማረ ሰው ነው፤ አስቀድሞ ፒያኖን የለመደው በጥቁሮቹ ቁልፎች ላይ ስለነበር፣ የጊታሩንም ክሮች በእነርሱ ልክ፣ ከጥቁሮቹ ቁልፎች አንዱ በሚሰጠው በኤፍ ሻርፕ ድምፅ ቃኛቸው። እኛ ክራራችንን ለምንጫወተው ቅኝት አስቀድመን እንደምናዘጋጀው ማለት ነው። በነገራችን ላይ፣ የፒያኖ ጥቁር ቁልፎች ብቻቸውን ከኤፍ ሻርፕ ተነሥተው ሲደረደሩ የእኛን ትዝታ ሜጀር ይሰጣሉ። ዝምድናው የድምፆቹ እንጂ የታሪክ አይደለም፤ ይሁንና ዜማዎቹ ለጆሯችን ቅርብ የሚሆኑበትን አንዱን ምክንያት እዚህ ላይ አገኘዋለሁ። የሮክ ጊታር ተጫዋቹ ጂሚ ሄንድሪክስም የሜይፊልድን ለስላሳ የጊታር አጨዋወት ከሚያደንቁት አንዱ ነበር።

ምዕራፍ፦
ስለ «ሱፐር ፍላይ» አንድ ነገር ልጨምር። የፊልሙ ጀግና ኮኬይን ሻጭ ሲሆን፣ ፍሬዲ የሚባለው ገጸ ባሕርይ በመኪና ተገጭቶ ሲሞት ታሪኩ ብዙም ሳይቆይ ያልፈዋል። ሜይፊልድ ግን «ፍሬዲስ ዴድ» ብሎ ለዚህ ሰው ሙሾ ጻፈለት። በፊልሙ ውስጥ የሚሰማው ዜማው ብቻ ነው፤ ግጥሙን ያገኘው ሸክላውን የገዛ አድማጭ ነበር። ስለዚህ ፊልሙ ያሞካሸውን ሕይወት ሸክላው ወቀሰ፤ የአያቱ ስብከት ያልተቋረጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አልበሙ በአሜሪካው የቢልቦርድ የሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ፣ በራሱ የሸክላ አሳታሚ ድርጅት በከርተም መውጣቱም ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚያን ዘመን ብዙ ጥቁር ደራሲዎች የዘፈኖቻቸውን መብት ለሌሎች አሳልፈው ይሰጡ ነበርና።

የሸክላ ወዳጅ፦
አመሰግናለሁ፤ የፍሬዲን ነገር ፈጽሞ አላስተዋልሁትም ነበር። የመጨረሻውን አልበም ተኝቶ ቀረጸው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

ባለ ክራር፦
እውነት ነው። በኦገስት 1990 ብሩክሊን ውስጥ ሜዳ ላይ በተዘጋጀ ትርኢት፣ የመድረኩ መብራት መስቀያ በነፋስ ወድቆበት ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ። በ1996 የወጣውን «ኒው ወርልድ ኦርደር» የዘፈነው ሳንባው በቂ አየር እንዲያገኝ በጀርባው ተኝቶ፣ ስንኞቹን አንድ በአንድ እያስቀረጸ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በዲሴምበር 26 ቀን 1999 ዐረፈ። በአልበሙ ላይ የሚሰሙትን ጊታሮች የተጫወቱት ሌሎች ናቸው፤ በኤፍ ሻርፕ የተቃኘውን ጊታር ከአደጋው በኋላ ሊነካው አልቻለም።