የሆርስራዲሽ ሥር ለሳይነስ ሕመም ይረዳል?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦
ጤና ይስጥልኝ። ጀርመን የምትኖረው እኅቴ ለበዓል ስትመጣ የሆርስራዲሽ (ከሰናፍጭ ወገን የሆነ፣ እንደ እሱ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ተክል) ሥር፣ እንዲሁም ተፍቆ በኮምጣጤ የታሸገውን በጠርሙስ ይዛልን መጥታለች። እናታችን ክረምት በገባ ቁጥር ሳይነሷ ይነሣባታል፤ እኅቴም እዚያ አገር ለዚሁ ሕመም እንደሚወሰድ ነግራናለች። ነገር ግን እናቴ ጨጓራዋን ስለሚያማት ከመስጠታችን በፊት የምታውቁ ብታስረዱኝ እወዳለሁ። ቤታችን ሰናፍጭና ፌጦ አይጠፋምና፣ እነዚህስ ሊተኩት ይችላሉ?

ፋርማሲስት፦
እኅትዎ የነገሩዎት መሠረት አለው። በጀርመን የመድኃኒት ዕፅዋትን ይገመግም የነበረው ኮሚሽን ኢ የተባለው የባለሙያዎች ጉባኤ ይህን ሥር ለመተንፈሻ አካላት ጉንፋን፣ በደጋፊነት ደግሞ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተቀብሎታል፤ ለአዋቂ የተመደበውም በቀን 20 ግራም ትኩስ ሥር ነው። ሆኖም የጨጓራ ወይም የአንጀት ቁስለት ያለበት፣ ኩላሊቱ የተቆጣበት ሰውና ከ4 ዓመት በታች ያለ ሕፃን እንዳይወስዱት ያው ጉባኤ ከልክሏል። ስለዚህ የእናትዎ ሕመም ቁስለት መሆን አለመሆኑ በምርመራ እስኪለይ ድረስ አይስጧቸው።

ሥሩ ሳይነካ ሽታው እምብዛም ነው። ሲፋቅ ግን በውስጡ ያለው ሲኒግሪን የተባለ ውሕድ ማይሮሲኔዝ ከተባለው ኢንዛይም ጋር ይገናኝና ዓይን የሚያስነባው አሊል አይሶታዮሳያኔት የተባለ ቅመም ይወጣል። ይህ ቅመም በቤተ ሙከራ ባክቴሪያን ሲገታ ታይቷል፤ አፍንጫ ወዲያው «ተከፈተ» የሚያሰኘው ስሜት ግን ከነርቭ መቆጥቆጥ የሚመጣ ስለሆነ፣ ሳይነሱ ለመሻሉ ማስረጃ አድርጌ አልቆጥረውም።

የጓሮ አትክልተኛ (ከጣና ዳር)፦
ስለ ሰናፍጩ እኔ ልጨምር። ሰናፍጭም ሆነ የጎመን ዘር የያዙት ያንኑ ሲኒግሪን ነው፤ የደረቀው ዱቄት ጭጭ ብሎ ቆይቶ በጾም ለስልጆ በውኃ ሲለወስ አፍንጫ የሚሰነፍጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። በፈላ ውኃ የለወሰው ሰው ግን ኢንዛይሙን ይገድለዋልና ኃይሉን አያገኝም። የፌጦ ቅመም ቤንዚል አይሶታዮሳያኔት በመሆኑ በመጠኑ ይለያል፤ ጨጓራን በማቃጠል ግን ያው ናቸውና፣ ሆርስራዲሹን ከልክሎ ፌጦ በሎሚ ማጠጣት መፍትሔ አይሆንም። ሰናፍጭ ደረት ላይ መለጠፍም አይመከርም፤ ከቆየ ቆዳውን ውኃ ያስቋጥረዋል። ደግሞም ጣዕሙ ይመሳሰላል ብለው የሽፈራውን ሥር የሚቆፍሩ ካሉ ይተዉት፤ የሥሩ ቅርፊት መርዛማ አልካሎይድ አለበት።

ሥሩን መትከል ከፈለጉ ከቁራጭ ይበቅላል። አፈር ውስጥ የቀረች ስባሪ ሁሉ መልሳ ስለምታቆጠቁጥ በርሜል ወይም ባልዲ ውስጥ ቢተክሉት ይሻላል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በኮምጣጤ የታሸገውስ ለስለስ ይል ይሆን?

ፋርማሲስት፦
ኮምጣጤው ኢንዛይሙን ስለሚያቆመው ቅመሙ ባለበት ይረጋል፤ ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላም እየደከመ ይሄዳል። ይሁንና አሲድ ስለተጨመረበት ለተቆጣ ጨጓራ ከትኩሱ የተሻለ አይደለም። እናንተ ከሥጋ ጋር ብሉት። ለእናትዎ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ላይ ጥቂት ጨው በጥብጠው አፍንጫቸውን እንዲታጠቡ ያድርጉ፤ ትኩሳት ካላቸው፣ ፊታቸውን በአንድ ወገን አጥብቆ ካመማቸው ወይም ከ10 ቀን በላይ ከቆየባቸው ሐኪም ይያቸው።