ሐላል ቋንጣዬ የሰው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)

አሰላሙ አለይኩም ወገኖቼ። የበሬ ቋንጣ በኦንላይን እሸጣለሁ። የሚዘጋጀው የሐላል ሰርተፊኬት ባለው ፋብሪካ ነው። ትዕዛዝ ሲበዛብኝ ግን የብዙ ሻጮችን ዕቃ አስቀምጦ፣ አሽጎ ለሚልክ መጋዘን ሰጠሁት። ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛዬ ፎቶ ላከችልኝ። የእኔ ቋንጣ ከአሳማ ቆዳ ከተሠራ ቺፕስ ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ ተኝቷል። ቺፕሱን እሷ አላዘዘችም። ገንዘቧን ወዲያው መለስኩላት፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ቋንጣው ተነጅሷል (በሃይማኖታችን ረክሷል)? መጋዘኑንስ ምን ልበለው?

መልስ (ከሜሪላንድ)

ወዓለይኩም ሰላም እህቴ፣ አይዞሽ። መጀመሪያ ፎቶውን ደግመሽ እዪው። ሁለቱም ከረጢቶች እንደታሸጉ ናቸው? እርጥበትም ቅባትም የለም? እንግዲያው ደረቅ ደረቁን ቢነካ ነጃሳ አይተላለፍም። ለልብሽ ኡስታዝሽን ጠይቂ።

እኔ መጋዘን ውስጥ ሠርቻለሁ። በጣም የሚያስፈራኝ ተመላሽ ዕቃ ነው። ደንበኛ የመለሰው ከረጢት ጠረጴዛ ላይ ይራገፋል። ሠራተኛው ገልበጥ አድርጎ ያየዋል፤ ደህና ከመሰለው አዲስ ስቲከር ለጥፎ ወደ መደርደሪያው ይመልሰዋል። የት ቆይቶ እንደመጣ፣ ከምን ጋር እንደተቀመጠ ማን ያውቃል? ስለዚህ «የእኔ ተመላሽ ዕቃ ዳግም አይሸጥ፣ ይወገድ» የሚል ቃል ውሉ ላይ አስገቢ። በቃል ብቻ ከሆነ ፈረቃ ሲቀየር ይረሳል።

ሌላው ቦታው ነው። የላይኛውን መደርደሪያ ጠይቂ፤ የሚፈስ ነገር ወደ ታች ነው የሚፈሰው። የሌላ ሰው ብራንድም የምትሸጪ ከሆነ የራስሽን ባርኮድ ለጥፊበት። በፋብሪካው ባርኮድ ብቻ የገባ ዕቃ ከሌላ ሻጭ ተመሳሳይ ዕቃ ጋር ሊደባለቅ ይችላል።

መልስ (ከኳላ ላምፑር)

እዚህ ማሌዥያ ኤም ኤስ 2400 የሚባል የሐላል ዕቃ አያያዝ ደረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሁለተኛ ክፍሉ ስለ መጋዘን ነው። እዚህ የሚሠራበት የሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ መንገድ) ስለሆነ፣ የአሳማ ነጃሳ የነካው ቦታ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ አፈር በተቀላቀለበት ውኃ ነው። አሜሪካ ያለ ተራ መጋዘን ይህን ያደርጋል ብለሽ አትጠብቂ። ግን ጥያቄዎቹን ከዚያ መውሰድ ትችያለሽ። ከዕቃዬ አጠገብ ማን ይቀመጣል? ከረጢት ቢቀደድ ማን ይነግረኛል? በምን ይጸዳል?

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። ሰርተፊኬቱ ስለ ፋብሪካው ከሆነ ስለ መጋዘኑ አይመሰክርም። ሰርተፊኬቱን የሰጠውን ድርጅት አሁኑኑ አማክሪ።

መልስ (ከሚኒያፖሊስ)

እኔ ትንሽ ልለይ። ታሽጓል ብሎ መተው አይበቃም። ሰው ሐላል ብሎ ሲገዛ አምኖሽ ነው የሚበላው። እኔ ቡናና ቅመም ብቻ ወደሚይዝ ትንሽ መጋዘን ዞርኩ። ዋጋው ወደድ ይላል፤ ቢሆንም አልቆጨኝም።

ጠያቂዋ

ጀዛኩሙላህ ኸይረን ሁላችሁንም። ዛሬ ራሴ ሄጄ አየሁት። ቺፕሱ ከቋንጣዬ ጎን ነበር፤ የሁለቱም ከረጢት ቀይ ነው። ልጁ በችኮላ ቀለሙን አይቶ ነው ያነሳው፣ ስካን ሳያደርግ። ኃላፊዋ ቋንጣዬን ሌላ ረድፍ ላይ፣ ከላይ አስደረገችልኝ። የተመላሹንም ነገር ውሉ ላይ ጨምራ ፈረመችልኝ። ኡስታዜም ከረጢቱ እስከታሸገ ድረስ ችግር የለውም አለኝ። ለደንበኛዬ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ አዲስ ቋንጣ ከቤቴ፣ በእጄ አሽጌ ልኬላታለሁ። የቡናና የቅመሙን መጋዘን ዋጋ በውስጥ መስመር ብትልክልኝ ደስ ይለኛል።