ስቶሬጅ ለሚገባ ዕቃ ከብርዱ ይልቅ እርጥበቱ ያሳስባችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ዕቃዋን ማሞቂያ በሌለው ስቶሬጅ (ለዕቃ ማስቀመጫ የሚከራይ ክፍል) አስገብታ ለሁለት ዓመት ልትሄድ ያሰበችው እህታችን «ብርዱ አይጨርሰውም ወይ?» ብላ ጠይቃለች።

እህቴ፣ ብርዱ ብቻውን አብዛኛውን የቤት ዕቃ አይጎዳውም። ሳህኑ፣ ድስቱ፣ ደርቆ የታጠፈው ልብስ በብርዱ ቢከርም ምንም አይሆንም። አደገኛው እርጥበት ነው። መነጽር የምታደርጉ ታውቁታላችሁ፤ ከውጭ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ወዲያው ጉም ይለብሳል። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ስቶሬጅ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። አየሩ ይሞቃል፣ ዕቃው ግን ገና እንደቀዘቀዘ ነው። እርጥብ አየር ሲነካው ላብ ይወጣዋል። ብረት የሚዝገው፣ ፍራሽ የሚሻግተው ያኔ ነው።

ስለዚህ ሁሉም ነገር ደርቆ ይግባ። ብዙ ሰው ሶፋና ፍራሹን በላስቲክ ጥቅልል አድርጎ ያስራል። እኔ አልስማማም። ላስቲክ አቧራ ይከላከላል፤ ውስጥ የቀረውን እርጥበት ግን አፍኖ ያስቀራል። አሮጌ አንሶላ አልብሺው፣ አየር ያስገባል። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ እርጥበት ከስር ስለሚመጣ ጣውላ ወይም ፓሌት አንጥፊበት። ከግድግዳውም ትንሽ ራቅ አድርጊው።

አሁን አደራ የምልሽ ነገር፦ ውሃ። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል፤ ቱቦና ፓምፕ ይሰነጥቃል። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ባዶ ቢመስልም ውሃ ይቀርበታል። መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ ንቀዪው፣ የውሃውንም መስመር ዝጊ። ከዚያ ቱቦዎቹን ፈትተሽ ባልዲ ውስጥ አንጠፍጥፊያቸው። በፊት ለፊት የሚከፈት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ታች ጥግ ላይ ትንሽ ክዳን አለችው፤ ማጣሪያው እዚያ ነው። ዝርግ ሳህን ከስሩ አድርጊና ማጣሪያውን ቀስ ብለሽ አዙሪው። የሚወጣው ውሃ ይገርምሻል። የቡና ማሽንና የእንፋሎት ካውያም ውሃቸው ይፍሰስ። ፍሪጁን አጥበሽ በደንብ ይድረቅ፤ በሩ እንዳይገጥም ፎጣ አጥፈሽ አስገቢበት። ተዘግቶ ከከረመ ሽታው በቀላሉ አይለቅም።

ቲቪና ኮምፒውተር ከስቶሬጅ ሲወጡ ወዲያው እንዳትሰኪያቸው። እንደታሸጉ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ይቆዩ፤ ውስጣቸው ላብ ካለ መብራት ሲገባ ሊቃጠሉ ይችላሉ። የሪሞት ባትሪዎችን አውጪ፣ ከቆዩ ያፈሳሉ። እንደ ላፕቶፕ ያለ ሊቲየም ባትሪ ያለው ዕቃ ግማሽ ያህል ቻርጅ ተደርጎ ዘመድ ቤት ቢቀመጥ ይሻላል። ከ0 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ይጎዳዋል።

ፎቶ፣ ሰነድና የሙዚቃ መሣሪያ ግን እባክሽ እዚያ አታስገቢ። የታተመ ፎቶ እርጥበት ሲያገኘው እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ሲላቀቅ ምስሉ ተነስቶ ይቀራል። ምትክ የለውም። ለእነዚህ ማሞቂያ ያለው ትንሽ ክፍል መከራየት ወይም ወዳጅ ጋ አደራ ማስቀመጥ ነው።

አይጥም በብርድ ወራት መጠለያ ፍለጋ ይገባል። ምንም ዓይነት እህል ወይም ቅመም አትተዪ። ልብስሽን ከካርቶን ይልቅ ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አድርጊው፤ አጥበሽ ግን፣ ብል ላብ ያለበትን ሱፍ ይወዳል።

ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ስለ ኢንሹራንስ የሚለውን በደንብ አንብቢ። ብዙ ውል ላይ ሻጋታና አይጥ ያደረሱትን ጉዳት አከራዩ አይሸፍንም። ዕቃሽን አንድ በአንድ ፎቶ አንሺ።

የማጠቢያ ማሽንሽን ዓይነት ጻፊልኝ፤ ውሃው በየት በኩል እንደሚወጣ አብረን እናያለን።